ለ1932 ፎርዴ የትኛው ቀለም ይሻላል?

ወገኖች፣ እባካችሁ እርዱኝ፤ መወሰን አቅቶኛል። የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። አንድ የ1932 ፎርድ ሮድስተር (ቋሚ ጣሪያ የሌለው መኪና) አለኝ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የካሊፎርኒያ ወጣቶች ይሠሩት በነበረው መልክ እየሠራሁት ነው። ሞተሩ ፍላትሄድ ቪ8 (የድሮው የፎርድ ባለስምንት ሲሊንደር) ነው፤ ቦዲውም አልቋል። የቀረኝ ቀለሙ ብቻ ነው።

ጥቁር እንዲሆን ወስኛለሁ። የጨነቀኝ ዓይነቱ ነው። ለዚያ ዘመን የሚገባው ናይትሮሴሉሎስ ላከር የሚባለው ቶሎ የሚደርቅ የድሮ የመኪና ቀለም ነው። ደጋግሞ ተቀብቶ በእጅ ሲወለወል ጥልቀቱ ልብ ይሰርቃል። ግን ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ ሲቀባ የሚተነው ኬሚካል ብዙ ነው፤ እዚህ ደግሞ የአየር ብክለት ሕጉ ጥብቅ ነው። ከእሱ በኋላ የመጣው አክሪሊክ ላከር ደግሞ የተለመደው በ1950ዎቹ መጨረሻ ስለሆነ ለኔ መኪና ዘመኑ አይገጥምም።

ያማከርኩት ቀለም ቀቢ ከላይ ክሊር (ቀለም የሌለው አንጸባራቂ ሽፋን) ይደረግበት አለኝ። እኔ ግን ያ የመስታወት ዓይነት ማብረቅረቅ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ እንዳያስመስለው ፈራሁ። ክሊር የማይፈልገውን ዩሬቴን (ዘመናዊ ጠንካራ የመኪና ቀለም) ቀብቼ፣ በውሃ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ በእጅ ብወለውለው የላከሩን መልክ ያመጣልኛል? የሞከራችሁት ካላችሁ በስንት ቁጥር ወረቀት እንደጨረሳችሁ ንገሩኝ። ያኔ ብዙ ልጆች በፕራይመር (ከቀለሙ በፊት በሚቀባው መነሻ ቅብ) ብቻ ይነዱ ነበር፤ እሱንም አስቤዋለሁ። ግን ፕራይመር ብቻውን እርጥበት ስለሚያሳልፍ ዝገቱ ያሳስበኛል።