የልብ ፊዚዮሎጂ መምህርነት ወይስ ስፔሻሊቲ? መንገዱን የምታውቁ ምከሩኝ

የፖስታ ቤቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፣ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ እሠራለሁ። ለስፔሻሊቲ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው፣ ግን የሚስበኝ ሌላ ነገር ነው። ፊዚዮሎጂ (የሰውነት አካላት እንዴት እንደሚሠሩ የሚያጠናው ትምህርት)፣ በተለይ የልብ። ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት በመስመር የሚያሳየውን ምርመራ) ሳነብ ሌላው ሰው የሚደሰተው በሽታውን ሲያገኝ ነው፣ እኔ ደግሞ ያ መስመር ለምን እዚያ ጋ እንደታጠፈ ካልገባኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። ማስተርስና ፒኤችዲ ሠርቼ ማስተማርና መመራመር እፈልጋለሁ። እናቴና ታላቅ ወንድሜ ግን «ይሄን ሁሉ ዓመት ተምረሽ መጨረሻው ቾክ መያዝ ነው?» እያሉኝ ነው። ከማስተርስ እስከ ፕሮፌሰርነት ያለው መንገድ ምን ይመስላል? እዚሁ ሆኖ ይቻላል ወይስ ውጭ መሄድ ግድ ነው? ኑሮውስ? በግልጽ ንገሩኝ፣ አታባብሉኝ።

የልደታው መምህር፦
እህቴ፣ እኔ ፊዚዮሎጂ ነው የማስተምረው፣ ስለዚህ ከውስጥ ሆኜ ልንገርሽ። ደረጃው ቀላል ነው። ማስተርስ ይዘሽ ሌክቸረር ትሆኛለሽ፣ ፒኤችዲውን ስትጨርሺ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ከዚያ ተባባሪ፣ ከዚያ ሙሉ ፕሮፌሰር። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በዕድሜ ብቻ አይገኙም። የሚታየው ያሳተምሽው ሥራ ነው፣ ማስተማርሽና የማኅበረሰብ አገልግሎትሽም ይቆጠራል።

ከባዱ ነገር ጊዜ ነው። ሕክምናው፣ ፋርማሲው፣ ነርሲንጉ፣ ሁሉም ፊዚዮሎጂ ይማራል፣ የሚያስተምረው ሰው ግን ጥቂት ነው። ሴሚስተሩ ሲጀመር ምርምርሽ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ይሄን ካላወቅሽ ትጎጃለሽ። ደሞዙም መሀል ከተማ ቤት ተከራይቶ ለመኖር አይበቃም፣ ስለዚህ አብዛኛው ሐኪም መምህር ማታ ማታ ክሊኒክ ይሠራል።

ግን ለምን እንደማልለቅ ልንገርሽ። ለተግባር ትምህርት የበሬ ልብ ከቄራ እናመጣለን። አዎርታውን (ደም ከልብ የሚወጣበትን ትልቁን ቧንቧ) ከቫልቩ ትንሽ ከፍ አድርገን እንቆርጥና ልቡን ቀጥ አድርገን ይዘን ከላይ ውሃ እናፈስበታለን። ሦስቱ ስስ ክንፎች ውሃውን ሲቀበሉ ይነፉና እርስ በርስ ይገጥማሉ፣ ውሃውም እዚያው ይቆማል። ሞተር የለ፣ ጡንቻ የለ፣ የሚዘጋው በራሱ በውሃው ግፊት ነው። ትንሽ ቆይቶ ውሃው ቀስ እያለ መጉደል ይጀምራል። አንዱ ተማሪ ጎንበስ ብሎ ያይና «እነዚህ ከክንፎቹ በላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ምንድን ናቸው?» ይላል። ኮሮናሪዎቹን፣ ለልቡ ለራሱ ደም የሚያደርሱትን ሥሮች፣ በራሱ ዓይን አገኛቸው ማለት ነው። ይሄን ጥያቄ በየዓመቱ ብሰማው አይሰለቸኝም።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
እኔ ፒኤችዲዬን የሠራሁት ውጭ ነው፣ የልብ ሴል ላይ። ከመወሰንሽ በፊት የእንግሊዛዊውን የልብ ፊዚዮሎጂ ተመራማሪ የዴኒስ ኖብልን የሥራ ዘመን ተመልከቺ። የዚህ ሙያ ሰው ዕድሜውን በምን እንደሚጨርስ ከእሱ በላይ የሚያሳይ አላውቅም (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)።

ለንደን የፒኤችዲ ተማሪ ሳለ የያዘው አንድ ጥያቄ ነው። የልብ ሴል ከነርቭ ትእዛዝ ሳይቀበል በራሱ ጊዜ እንዴት ይመታል? ሆጅኪንና ሀክስሊ የተባሉ ሳይንቲስቶች በ1952 ለነርቭ ያወጡትን ስሌት ለልብ ሊያውለው ፈለገ። በእጅ የሚሠራ ስሌት አይደለም፣ ኮምፒውተር ያስፈልጋል፣ ሜርኩሪ የሚባለው የዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ደግሞ ወረፋው ብዙ ስለነበር ለእሱ የደረሰው ሰዓት ከሌሊቱ ስምንት እስከ አሥር ሆነ። እሱንም ተቀበለ። ውጤቱ በ1960 ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። ኦክስፎርድ ውስጥ የልብና ደም ዝውውር ፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር የሆነው ግን በ1984 ነው። አስቢው፣ 24 ዓመት። ጥያቄው ግን ያው የመጀመሪያው ነበር።

በመሀል በ1979 ከብራውንና ከዲፍራንቼስኮ ጋር ሆኖ አድሬናሊን ልብን የሚያፋጥንበትን የኤሌክትሪክ ጅረት ይዘው ወጡ። ያንን ጅረት የሚያግደው አይቫብራዲን አውሮፓ ውስጥ የተፈቀደው በ2005 ነው። ከጅረቱ እስከ ክኒኑ 26 ዓመት። እናትሽ «ይሄ ምርምር ለሕመምተኛ ምን ይጠቅማል?» ካሉሽ ይሄን ንገሪያቸው።

ስለ ውጭ ጉዳይ፦ ሱናኦ ታዋራ የሚባል ጃፓናዊ ሐኪም በ1903 ጀርመን ሄዶ በሦስት ዓመት ውስጥ በላይኛውና በታችኛው የልብ ክፍል መካከል ምልክት የሚያስተላልፈውን ኖድ አሳየ። ከዚያ አገሩ ተመልሶ ፕሮፌሰር ሆነ። ሄዶ መመለስም መንገድ ነው።

የሰንጋ ተራ ሬዚደንት፦
የተባለውን ሁሉ አከብራለሁ፣ ግን ክሊኒኩን እንዳትለቂ እለምንሻለሁ። እዚህ አገር ትልቁ የልብ ጥያቄ ያለው ሕመምተኛ አልጋ ላይ ነው። የሩማቲክ ልብ ሕመም ያለባት ወጣት ሴት ሚትራል ቫልቧ (በግራ በኩል ከላይኛው ወደ ታችኛው የልብ ክፍል ደም የሚያልፍበት በር) ጠቦ ሳለ ታረግዛለች። በእርግዝና የደሟ መጠን ግማሽ ያህል ይጨምራል፣ የልብ ምቷም ይፈጥናል። ምቱ ሲፈጥን ደሙ በጠባቡ በር ሊያልፍበት የሚችለው ጊዜ ያጥራል፣ ከኋላ ግፊቱ ይጠራቀምና ሳንባዋ ውሃ ይይዛል። እስከዚያ ቀን ደኅና ነኝ ስትል የነበረች ልጅ ተቀምጣ ታድራለች። ምቱን ቀስ የሚያደርግ መድኃኒት ስትሰጪያት ትተነፍሳለች። ይሄ ንጹሕ ፊዚዮሎጂ ነው፣ እኔ ግን የገባኝ ክፍል ውስጥ ሳይሆን ዋርድ ውስጥ ነው። ኢንተርናል ሜዲስን፣ ከዚያ ካርዲዮሎጂ ግቢ፣ ምርምሩን እዚያ ሆነሽ ሥሪው።

የልደታው መምህር፦
ዶክተር፣ ምሳሌህ ድንቅ ነው፣ ነገ ክፍል ውስጥ እጠቀምበታለሁ። በምክሩ ግን አልስማማም። ሁሉም ወደ ካርዲዮሎጂ ከሄደ ያንን በር፣ ያንን ግፊት ለሁለተኛ ዓመት ተማሪ ማን ያስረዳዋል? አንተ ዋርድ ውስጥ ስትደርስ የገባህ እኮ ቀድሞ ያስተማረህ ሰው ስላለ ነው።

ደግሞ እዚህ ብቻ ሊጠየቅ የሚችል ጥያቄ አለ። ይቺ ከተማ 2,300 ሜትር ከፍታ አልፋ ነው የተቀመጠችው። በ2002 (በፈረንጅ) የታተመ ጥናት 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ለክቶ ሄሞግሎቢናቸውም (በደም ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው) የደማቸው ኦክሲጅንም ባሕር ጠለል ላይ እንደሚኖር ሰው ሆኖ አገኘው። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል፣ የቲቤቶቹ ደግሞ ኦክሲጅናቸው ዝቅ ይላል። የእኛ ሰው ሁለቱንም አላሳየም። ታዲያ የእሱ ልብና የሳንባ ደም ሥር ምን እየሠራ ነው? ለዚህ ጥያቄ ከእኛ የተሻለ ቦታ ላይ የተቀመጠ ተመራማሪ የለም።

የፖስታ ቤቷ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኖብልን ታሪክ ለወንድሜ አነበብኩለት፣ ዝም ብሎ አዳመጠ። ወደ ማስተርሱ አዘንብያለሁ፣ የማታ ክሊኒኬን ግን አልተውም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ ሳመለክት የምርምር ሐሳብ ይዤ ልቅረብ? ቤተ ሙከራ ውስጥ ምን እንዳለ ሳላውቅ ምን ልጻፍ?

የልደታው መምህር፦
ይዘሽ ቅረቢ። አንድ ገጽ ይበቃል፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። በኢሲጂ፣ በደም ግፊት መለኪያና በጣት ኦክሲጅን መለኪያ ልትመልሺው የምትችዪ ይሁን፣ እነዚህን አታጪም። የሴል ጅረት መለካት የመሳሰለውን ውድ መሣሪያ የሚፈልገውን ለፒኤችዲ አቆዪው፣ ያኔ በሳንድዊች ፕሮግራም ግማሹን ውጭ መሥራት ይቻላል። እና ከማመልከትሽ በፊት ትምህርት ክፍሉ ድረስ ሄደሽ ሊያማክርሽ የሚችለውን ሰው በአካል አነጋግሪው፣ በኢሜይል ብቻ አትተማመኚ።

የሰንጋ ተራ ሬዚደንት፦
እሺ፣ ተረታሁ። ከሚትራል ጥበት ጋር የተያያዘ ነገር ልትሠሪ ካሰብሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ከሚሠሩት ሰዎች ጋር አገናኝሻለሁ።