የዕቅድ ውይይት፦ በመንግሥት ተቋማት ለሴቶችና ለወንዶች የተለዩ ቦታዎች፣ ለከተማው ምክር ቤት የሚቀርብ የጋራ ምክረ ሐሳብ

ሰብሳቢዋ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ የመጀመሪያው ረቂቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ «በሁሉም የመንግሥት ተቋማት ለሴቶችና ለወንዶች የተለየ መጸዳጃ ቤት ይኑር»። ይህን ብንልከው የሚመለስልን መልስ «አለ» የሚል ነው። አንዱን በር ሰማያዊ፣ ሌላውን ቀይ ቀለም የቀባ ተቋም ሁሉ በሪፖርቱ ላይ «አሟልቷል» ይባላል። ስለዚህ አሁን የያዝነውን ሁለተኛውን ረቂቅ በቀለም ቅብ የማይሟላ ጥያቄ እናድርገው። ትምህርት ቤትን፣ ጤና ጣቢያንና ባለጉዳይ የሚበዛባቸውን ቢሮዎች አስቀድመን ብንይዝ ይበቃናል። ኢንጂነር፣ ከቁጥሩ ይጀምሩልን።

መሐንዲሱ፦
«እኩል» የሚለው ቃል ረቂቁ ውስጥ ከገባ ተበልተናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ለትምህርት ቤቶች ያወጣው መለኪያ ለ25 ሴት ተማሪዎች አንድ መጸዳጃ፣ ለ50 ወንድ ተማሪዎች ደግሞ አንድ መጸዳጃና አንድ የሽንት መሽኛ ይላል። ለመምህራንና ለሠራተኞች ከዚህ ውጪ ለሴት አንድ፣ ለወንድ አንድ።

600 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት እንውሰድ፣ ግማሽ በግማሽ። ለሴቶች 12 በር፣ ለወንዶች 6 በርና 6 መሽኛ ይደርሳል። ያንኑ 18 በር «በእኩልነት» 9 ለ9 ብናካፍለው ለአንድ በር 33 ሴት ተማሪ ይሰለፋል፣ ወንዶቹ ግን መሽኛቸው ተጨምሮ ትርፍ ያገኛሉ። የ15 ደቂቃ እረፍት አለ እንበል። አንዷ ተማሪ 2 ደቂቃ ብትወስድ በአንድ በር 7 ተማሪ ብቻ ያልፋል። 12 በር ሲኖር 84 ተማሪ ይስተናገዳል፣ ሦስት በር ብቻ ካለ 21። የቀሩት ወይ ክፍለ ጊዜ ያልፋቸዋል፣ ወይ ውሃ ሳይጠጡ ይውላሉ። የወር አበባ ላይ ያለች ልጅ ደግሞ ቤቷ ትቀራለች።

ስለዚህ ሪፖርት የሚደረገው የብሎክ ብዛት ሳይሆን የሚሠራ በር ብዛት ይሁን። አንድ ብሎክ ሁለት በርም ስምንት በርም ሊኖረው ይችላል፣ በቅጹ ላይ ግን ሁለቱም «1» ናቸው።

ርዕሰ መምህሩ፦
ኢንጂነር ያሉት ላይ «የሚሠራ» የሚለው ካልተተረጎመ አሁንም ያመልጡናል። በዓለም አቀፉ ክትትል አንድ ትምህርት ቤት መሠረታዊ አገልግሎት አለው የሚባለው መጸዳጃው የተሻሻለ ዓይነት ሲሆን፣ ለሴትና ለወንድ ሲለይና በጥናቱ ዕለት ጥቅም ላይ የሚውል ሲሆን ነው። ይህ የመጨረሻው በሦስት ይመነዘራል፦ ያልተቆለፈ፣ ያልተሰበረ ወይም ያልሞላ፣ በሩ ከውስጥ የሚዘጋ። እንደ እኔ ከሦስቱ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው የውስጥ መቀርቀሪያው ነው፣ ዋጋው ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ነው። ግንባታው ሲያልቅ ተቋራጩ ቀጭን የቆርቆሮ መቀርቀሪያ ይገጥማል፣ አንድ መንፈቀ ዓመት ሳይሞላው ይነቀላል። በዝርዝሩ ላይ «በብሎን የታሰረ የብረት መቀርቀሪያ» ተብሎ ይጻፍ።

መሐንዲሱ፦
ትክክል። ሌላም ይጨመር። የሴቶቹና የወንዶቹ ክፍሎች ጀርባ ለጀርባ አንድ ግድግዳ ተጋርተው ሲሠሩ ወጪ ይቀንሳል፣ ግን ግድግዳው ጣሪያ ድረስ ካልደረሰ ድምፅም ዓይንም ያልፋል፣ ልጆቹ አይገቡበትም። መግቢያቸው በተለያየ አቅጣጫ ይሁን፣ በሴቶቹ በኩል ከበሩ ፊት የመከለያ ግድግዳ ይቁም። ከመማሪያ ክፍል ከ30 ሜትር አይራቅ። «ይሸታል» ተብሎ ግቢው ጥግ አጥር ሥር የሚወሰደው መጸዳጃ ሰው የማያየው ቦታ ስለሚሆን ለሴት ልጅ አደጋ ነው። ሽታው የሚወገደው በማራቅ ሳይሆን በአየር ማስወጫ ቱቦ ነው፦ 150 ሚሊሜትር ስፋት፣ ከጣሪያው ጫፍ 50 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ፣ አናቱ ላይ የዝንብ መከላከያ ወንፊት የተገጠመለት። ወንፊቱ ከሌለ ቱቦው የዝንብ መውጫ ከመሆን አያልፍም።

ሲስተር (ከጤና ጣቢያ)፦
በጤና ተቋም መለኪያው ሌላ ነው፣ ከትምህርት ቤት ጋር አትደባልቁት። ቢያንስ አንድ መጸዳጃ ለሠራተኛ የተለየ፣ ቢያንስ አንድ ለሴቶች የተለየና የወር አበባ ንጽህና መጠበቂያ የተሟላለት፣ ቢያንስ አንድ ደግሞ መንቀሳቀስ ለሚቸግረው ሰው ምቹ መሆን አለበት። ከወለደች ጥቂት ሰዓት የሆናት እናት ግቢውን አቋርጣ የጋራ መጸዳጃ ፍለጋ የምትሄድ ከሆነ የማዋለጃ ክፍሉ ምንም ያህል ቢያምር ዋጋ የለውም። የእናቶች ማቆያ ላላቸው ጤና ጣቢያዎች መታጠቢያና መጸዳጃ ከማቆያው ጋር ተያይዞ ይሠራ ብለን ለይተን እንጻፍ።

በትምህርት ቤቶች ለሴት ተማሪዎች የሚዘጋጀውን የወር አበባ ክፍል በተመለከተ፣ ጠረጴዛና ፍራሽ ገብቶበት በሩ ላይ ጽሑፍ ተለጥፎ ሪባን ከተቆረጠ በኋላ ዕቃ ግምጃ ቤት የሚሆንበት ምክንያት አንድ ነው፦ ውሃ የለውም። ቧንቧ፣ ሳሙና፣ መስታወት፣ ልብስ መስቀያ፣ ክዳን ያለው ቅርጫትና መጠባበቂያ ሞዴስ ከሌለ ክፍሉ ባይከፈት ይሻላል። ቁልፉ ደግሞ ከወንድ ዩኒት ሊደር (የክፍሎች ተቆጣጣሪ መምህር) ወይም ከዘበኛ እጅ አይቀመጥ። ሴት ልጅ ቁልፍ ለመጠየቅ ምክንያት መናገር ካለባት አትመጣም።

ርዕሰ መምህሩ፦
ሞዴሱ የት ይጣላል የሚለው ይግባ። ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ስለማይበሰብስ አንደኛ ጉድጓዱን ቶሎ ይሞላዋል፣ ሁለተኛ የፍሳሽ መምጠጫ መኪናውን ቱቦ ይደፍናል።

መሐንዲሱ፦
የጉድጓዱ ስሌት ይኸውና። ለቀን ትምህርት ቤት በተማሪ በዓመት 0.03 ሜትር ኩብ እንወስዳለን፣ ለመኖሪያ ቤት ከምንይዘው ግማሽ ያህል ማለት ነው። አንድ ባለ 6 በር ብሎክ፣ 150 ሴት ተማሪ፣ 5 ዓመት፦ 150 × 0.03 × 5 = 22.5 ሜትር ኩብ፣ ከላዩ ባዶ የሚተው 50 ሳንቲሜትር ተጨምሮበት። ቆሻሻ ከገባበት ይህ ስሌት አይሠራም። የሞዴስ ማቃጠያው ከሴቶቹ ብሎክ ጋር ተያይዞ ከውስጥ በቀዳዳ የሚጣልበት ቢሆን ጥሩ ነው። ሆኖም ጣሪያ ከሌለው ዝናብ ያርሰዋል፣ እርጥብ ሞዴስ አይቃጠልም፣ ጭሱም ክፍል ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ክዳን ይኑረው፣ የሚለኮሰውም ተማሪ ከወጣ በኋላ ይሁን። የመምጠጫ መኪናው የሚደርስበት መንገድ በንድፉ ላይ ካልታየ አንፈርም።

የውሃውን ነገር ግን በጣም አቅልለነዋል። «አንድ ሮቶ ይተከል» የሚለውን አንቀጽ ያስገባው ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ይውጣ። መለኪያው በተማሪ በቀን 5 ሊትር ነው፣ ለ600 ተማሪ 3,000 ሊትር። ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ሁለት ቀን አይሞላም። ለእጅ መታጠቢያ ብቻ 1 ሊትር በተማሪ ብናስብ እንኳ ስምንት ቀን ነው።

ምክትል ሰብሳቢው፦
የጣሪያ ውሃ ማጠራቀምስ? 200 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ አለን፣ በዓመት 900 ሚሊሜትር ዝናብ ብናገኝ፣ ፈሶ የሚቀረውን ቀንሰን፣ ወደ 144 ሜትር ኩብ ይመጣል።

መሐንዲሱ፦
ሒሳቡ ልክ ነው፣ ወንድሜ፣ ችግሩ የቀን መቁጠሪያው ነው። ዋናው ዝናብ ሐምሌና ነሐሴ ይወርዳል፣ ያኔ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። ለተማሪው የሚደርሰው መስከረም ላይ በጋን ውስጥ የቀረው ብቻ ነው። ሁለት ባለ 5,000 ሮቶ ሞልተን ብንጀምር በቀን 600 ሊትር እየቀዳን 16 የትምህርት ቀን ይዘልቃል፣ ጥቅምት ላይ ባዶ ነው። የጣሪያ ውሃ ደጋፊ ይሁን፣ ዋናው የመስመር ውሃ ነው። መስመር በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር የፈረቃው ርዝመት ታይቶ የጋኑ መጠን ይወሰን። መስመር ከሌለ ቦቴ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣና ማን እንደሚከፍል ይጻፍ።

የሕግ ክፍል፦
ረቂቁ ላይ የተጠቀሱትን ሕጎች አየኋቸው። ሁለት ነገር ይስተካከል። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የሕፃናት ማቆያን የመንግሥት ተቋማት ግዴታ አድርጎ ነበር። ነገር ግን የፌዴራል ሕግ ነው፣ በዚያ ላይ በቅርቡ በአዲስ አዋጅ ተተክቷል። እኛ የምናመለክተው ለከተማ ምክር ቤት ስለሆነ የክልላችንን የሠራተኞች አዋጅ እንጥቀስ። አለዚያ የሕግ አማካሪያቸው በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያስቆመናል። ሁሉንም የሚያስረው ሕገ መንግሥቱ ነው፦ አንቀጽ 13 በየደረጃው ያሉ የመንግሥት አካላት መብቶቹን የማክበርና የማስከበር ኃላፊነት አለባቸው ይላል፣ አንቀጽ 25 እኩልነትን፣ አንቀጽ 35 የሴቶችን መብትና በታሪክ የወረሱትን ልዩነት ለማካካስ የሚወሰዱ የድጋፍ እርምጃዎችን ያስቀምጣል። የ12 ለ6ቱ ክፍፍል «አድልዎ ነው» ከተባለ መልሳችን እዚህ አለ።

ሁለተኛው የበጀቱ ነው። የፌዴራል የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ 648/2001 በ970/2008 ሲሻሻል በጀት ሲዘጋጅ ሥርዓተ ፆታ ታሳቢ እንዲደረግ ግዴታ ሆኗል። እንደ አርአያ እንጥቀሰው፣ አስገዳጅ ማስረጃ አድርገን ግን አንጻፈው።

የፋይናንስ ባለሙያዋ፦
ሕጉ ተጠቅሶ በጀቱ ካልተከፈለ ከንቱ ነው። የእኛ ምክረ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ የካፒታል በጀት ጥያቄ ሆኖ ነው ያየሁት። ግንባታ አንድ ጊዜ ነው፣ ሳሙና፣ ሞዴስ፣ ጽዳት ሠራተኛ፣ መቀርቀሪያና ጉድጓድ ማስመጠጥ ግን በየዓመቱ ነው። እነዚህ ከሥራ ማስኬጃ ካልተመደቡ ርዕሰ መምህሩ ከጠመኔ ቀንሶ ሳሙና እንዲገዛ ነው የምንፈርድበት። ስለዚህ እያንዳንዱ ተቋም በሥራ ማስኬጃው ውስጥ ለጽዳትና ለመጸዳጃ ጥገና ራሱን የቻለ መስመር ይያዝ፣ ወደ ሌላም አይዛወር።

ስለ ጊዜው፦ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ግንቦት ላይ የሚደርስ ደብዳቤ «ለከርሞ ይታያል» ነው መልሱ። ፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱ የተቋማቱን ፍላጎት ከመዝጋቱ በፊት፣ ከየካቲት ባላለፈ ጊዜ እጃቸው ላይ መግባት አለበት።

የአካል ጉዳተኞች ተወካይ፦
ምቹ መጸዳጃ በሴቶቹ ብሎክ ውስጥ አንድ፣ በወንዶቹ ውስጥ አንድ ተብሎ ተጽፏል። ጥሩ፣ ግን አይበቃም። ሚስት ባሏን፣ አባት ሴት ልጁን ደግፎ ሲመጣ የትኛው በር ይገባሉ? በቢሮና በጤና ጣቢያ አንድ ምቹ ክፍል ከሁለቱም ወገን ውጪ፣ በቀጥታ ከመተላለፊያው የሚከፈት ይሁን። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ 90 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው፣ ውስጡ ተሽከርካሪ ወንበር የሚዞርበት 1.5 ሜትር ያለው። መወጣጫው በየ12 ሜትሩ ከ1 ሜትር በላይ አይነሣ። የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ 624 በአንቀጽ 36 ይህን ጉዳይ አንስቶት ነበር፣ አሁን ሥራ ላይ ያለውን የሕንፃ ሕግ አይተን እንጥቀስ።

ሰብሳቢዋ፦
ተቀብያለሁ። አንድ ክፍል ብቻ ያላቸው ትናንሽ የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶችስ?

መሐንዲሱ፦
አንድ ሰው የሚገባበት፣ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ መታጠቢያው ውስጡ ያለ ክፍል ከሆነ የፆታ ምልክት አያስፈልገውም።

ሲስተር፦
በንድፈ ሐሳብ እስማማለሁ ኢንጂነር፣ በተግባር ግን መሽኛ ከሌለ ወለሉ ይበላሽና ሴቶቹ ይተዉታል። አንድ ክፍል ብቻ ያለው ተቋም ከውጭ የወንዶች መሽኛ ይጨምር፣ ይህ ቀላል ግንባታ ነው። ሁለት በር ያለው ደግሞ አንዱን ለሴቶች ይለይ።

ሰብሳቢዋ፦
እንደ ሲስተር ይጻፍ። በተቋማት መግቢያ በር ላይ ስለሚደረገው ፍተሻስ ሐሳብ ያለው አለ?

የሕግ ክፍል፦
አለ። አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ሲጠብቅ አካልን ከመፈተሽም ይጨምራል። የፍተሻ ቦታ ለሴቶች የተለየ፣ መጋረጃ ያለው ይሁን። የሚያስቸግረው ቁጥሩ ነው፦ አንዲት ሴት ጥበቃ ብቻ የተመደበችበት በር ምሳ ስትወጣ ወይም ወሊድ ፈቃድ ላይ ስትሆን ሴት ባለጉዳዮች ፀሐይ ላይ ይቆማሉ፣ ወንዶቹ ይገባሉ። በፈረቃ ሁለት ሴት ይመደቡ። ከሌሉ ቦርሳ ብቻ ይታይ፣ አካል በእጅ መፈተሻ መሣሪያ ይፈተሽ እንጂ ወንድ አይዳስስ። ፊቷን የምትሸፍን ባለጉዳይ ማንነቷ የሚረጋገጠው በሴት ሠራተኛ፣ በተከለለ ቦታ ይሁን።

ምክትል ሰብሳቢው፦
እንግዲያው በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱም ለሴቶች የተለየ የንባብ ክፍል ብንጠይቅስ? ሲያመሹ ይሰጋሉ።

የፋይናንስ ባለሙያዋ፦
እኔ አልደግፍም። ሰውነት የሚገለጥበት ቦታ ይለያል፦ መጸዳጃ፣ መታጠቢያ፣ ማደሪያ፣ ፍተሻ፣ ጡት ማጥቢያ። ንባብ፣ ኮምፒውተር ክፍልና ስብሰባ ግን አይለይም። አሥር ወንበር ያለው የሴቶች ክፍል ከተሰጠን በኋላ ሁለት መቶ ወንበር ካለው አዳራሽ «ክፍላችሁ ወዲያ ነው» መባል ይመጣል። ስጋቱ የመብራት፣ የጥበቃና የመውጫ ሰዓት ጉዳይ ነው፣ እሱን እንጠይቅ።

ምክትል ሰብሳቢው፦
ተስማምቻለሁ፣ ሐሳቤን አንስቻለሁ። የመንገድ መብራቱን ከቤተ መጻሕፍቱ እስከ ታክሲ መያዣው ድረስ በሚል ጨምሩልኝ።

ሰብሳቢዋ፦
እንግዲህ ክትትሉን የሚመለከተውን አንቀጽ እንዲህ አሰናድቼዋለሁ፣ የሕግ ክፍል ያርመው፦ «እያንዳንዱ ተቋም በመንፈቅ አንዴ የሚሠሩ በሮችን በፆታ ለይቶ ይቆጥራል። ቆጠራው ሳይነገር፣ በሥራ ሰዓት ይካሄዳል። በትምህርት ቤት ከወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት ቢያንስ አንዲት እናትና ከሥርዓተ ፆታ ክበብ አንዲት ተማሪ ይሳተፋሉ። የተቆለፈ በር እንደሌለ ይቆጠራል።»

የሕግ ክፍል፦
«የተቋሙ ኃላፊ ውጤቱን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፋል፣ ቅጂውን ለምክር ቤቱ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ቋሚ ኮሚቴ ይልካል» የሚል ጨምሬበታለሁ። ኃላፊው በስም ካልተጠቀሰ ጉድለቱ የጽዳት ሠራተኛዋ ላይ ነው የሚወድቀው።

ርዕሰ መምህሩ፦
«በሥራ ሰዓት» የሚለው «በእረፍት ሰዓት» ይባል። ሰልፉ የሚታየው ያኔ ነው።

ሰብሳቢዋ፦
ተለውጧል። ኢንጂነር፣ የ600 ተማሪውን ስሌት በአንድ ገጽ አባሪ አድርገው እስከ ሐሙስ ይላኩልኝ፤ የፋይናንሷ እህታችን የሥራ ማስኬጃውን ሠንጠረዥ ከሱ ሥር ታያይዘዋለች።