ጂን ኤክስፐርት ለኤችፒቪ፦ እውነት ሁሉን ራሱ ይሠራል?

ፒፔቷ፦
ሰላም የላብ ሰዎች። ለቲቢ የምንጠቀምበትን ጂን ኤክስፐርት ማሽን ለማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራም (ካንሰሩን የሚያመጣውን ኤችፒቪ ቫይረስ ለመፈለግ) ልንጀምር ነው። እስካሁን ዲኤንኤ የማወጣው በእጄ ነው። ፒፔት (ፈሳሽ መቅጃ) ስጫን ውዬ ማታ አውራ ጣቴ እንጀራ መቁረስ ያቅተዋል። ባለፈው ደግሞ ሁለት ቱቦ አቀያይሬ ሁሉንም እንደ አዲስ ሠራሁ። ናሙናው የሚገባበት የማሽኑ ካርትሪጅ ይገላግለኛል?

ነባሩ፦
በደንብ! 1 ሚሊ ሊትር ናሙና ጨምረሽ ትዘጊያለሽ፣ አለቀ። ፒሲአሩም (የቫይረሱን ዲኤንኤ አባዝቶ የሚለየው ሥራ) እዚያው ውስጥ ነው። በ1 ሰዓት ገደማ 14 ዓይነት ኤችፒቪ ይፈልጋል። ዓይነት 16ን ለብቻው ይነግርሻል።

ነርሷ፦
ፖዘቲቭ ማለት ግን ካንሰር አይደለም፤ ቫይረሱ አለ ማለት ነው። እኛ ጋ አንዷ ወረቀቱን ይዛ ኮሪደር ላይ ስታለቅስ አገኘኋት።

ፒፔቷ፦
የስም መቀያየሩስ?

ነባሩ፦
እሱ ያው በእጅሽ ነው እህቴ። ካርትሪጁ ላይ ሳትጽፊ ክዳኑን እንዳትከፍቺ።