የፍቅር ኮሜዲ ልማድ ሲታደስና ሲፈርስ በምን ይለያል?

በፍቅር ኮሜዲ ፊልሞች ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ አንድ ነጥብ ስላስቸገረኝ እርዳታችሁን በአክብሮት እጠይቃለሁ። በ1934 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት» የሚነታረኩትን ወንድና ሴት በገመድ ላይ በተሰቀለ ብርድ ልብስ ለያይቶ፣ «የኢያሪኮ ቅጥር» የተባለውን ይህንኑ መጋረጃ በመጨረሻ በመለከት ድምፅ ይጥለዋል፤ እስኪሰለች ድረስ የተቀዳው የሙሽራ ሽሽትም እዚያው አለ። የ1997ቱ «ማይ ቤስት ፍሬንድስ ዌዲንግ» ግን የምታፈቅረውን ጓደኛዋን ሠርግ ለማስቀረት የምትሯሯጠውን ዋና ገጸ ባሕርይ ካሳየን በኋላ፣ ሠርጉ እንዲፈጸም ፈቅዶ እሷን ፍቅረኛዋ ካልሆነ ሌላ ወዳጇ ጋር እያስደነሰ ያበቃል። የሠርግ ጭፈራው ስላልቀረ ተመልካቹ የተነፈገ አይመስለኝምና ይህ ልማዱን ማደስ ነው ባይ ነኝ፤ አማካሪዬ ግን ማፍረስ ነው ይላሉ። ሁለቱን ለመለየት ከታሪኩ ፍጻሜ ሌላ በየትዕይንቱ ምን ዓይነት ማስረጃ ልፈልግ?