ዶሚኒካ፦ ወደሚፈላው ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ወንዝ መቼ ይጎድላል?

ያለሁት የዚህች የካሪቢያን ደሴት ዋና ከተማ ሮዞ ነው፤ የቀረኝ ነገና ከነገ ወዲያ ብቻ። ትናንት ከላውዳት መንደር ከአስጎብኚ ጋር ጠዋት 2 ሰዓት ተነሳን። ወደ ሐይቁ ደርሶ መልስ 6 ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን ዝናቡ ዶፉን አወረደው። ብሬክፋስት የሚሉት ወንዝ ጋ ስንደርስ ውሃው ደፍርሶ መረማመጃ ድንጋዮቹን ውጧቸዋል። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን፤ ይባስ ብሎ ሞላ። አስጎብኚው “እንመለስ” አለ፤ እውነቱን ነው።

ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ የግራ ጫማዬ ሶል ከፊት በኩል አፉን ከፈተ። በክር ጠፍሬው ወረድኩ፣ ማታ በማስቲሽ አጣበቅኩት። ጭቃውን ይችል ይሆናል፤ ከወንዙ ማዶ ያለውን የድኝ ሸለቆ ፍል ውሃ ግን እንጃ። ነገ ማለዳ ጫማ እከራያለሁ።

ካልሆነ ሲንዲኬት ጫካ ሄጄ ሲሴሩን እፈልጋለሁ፤ ባንዲራቸው ላይ ያለችው፣ ከዚህ ደሴት ሌላ የትም የማትገኘው በቀቀን ናት። ልቤ ግን ሐይቁ ላይ ነው።

ዛሬ ከቀትር ጀምሮ አባርቷል። መንገዱን የምታውቁ፣ እንዲህ ያለ ዝናብ ከቆመ በኋላ ወንዙ ለመሻገር እስኪመች ስንት ሰዓት ይፈጅበታል?