የልጅ ማዘያው ዘለበት ተሰበረብኝ፤ ሌሊት ወደ ተራራ እንነሣለን፤ ምን ይሻለኛል?

መንገደኛው አባት፦
ውድ አባላት፣ አስቸኳይ እርዳታችሁን እሻለሁ። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ነገ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሦስት ሌሊት በድንኳን ለምናድርበት የተራራ የእግር ጉዞ እንነሣለን። አሁን ዕቃ ስናሰናዳ ትንሹን ልጅ የምሸከምበት ማዘያ ወለል ላይ ተዘርግቶ ሳለ ዘለበቱን ሳላየው ረገጥሁትና ከሁለቱ ጥርሶቹ አንዱ ከሥሩ ተሰበረ። ሱቆች ተዘግተዋል፤ ያለ ማዘያው ደግሞ ጉዞው አይታሰብም። በማጣበቂያ ልጠግነው ወይስ ቀበቶውን ቋጥሬ ልሂድ? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

የጥድ ጥላ፦
ወንድሜ፣ አይጨነቁ። ቶሎ በሚደርቀው ጠንካራ ማጣበቂያ ያጣብቁትና እስኪነጋ ሳይነኩት ያሳድሩት። እኔ የተራራ ጫማዬን ሶል በዚሁ ጠግኜ ሁለት ዓመት ሄጄበታለሁ።

መርፌና ክር፦
ማጣበቂያውን ይተዉት። የዘለበት ጥርስ በቆለፉትና በፈቱት ቁጥር ወደ ውስጥ ተለጥጦ የሚመለስ ነው፤ የተሰበረውም ጭነቱ ሁሉ በሚያርፍበት በቀጭኑ አንገቱ ላይ ነው። ብዙ ዘለበቶች የሚሠሩበት አሴታል የሚባለው ፕላስቲክ ደግሞ ተራውን ማጣበቂያ አጥብቆ አይቀበልም። የጫማ ሶል ማጣበቂያ የሚይዝበት ሰፊ ገጽ አለው፤ የጥርሱ ስብራት ግን ከትንሽ ጣት ጥፍር ያንሳል። ይሁንና ዋናውን ነገር ሳይነግሩን አልፈዋል፦ የተሰበረው በእርስዎ ወገብ ላይ የሚቆለፈው ነው ወይስ ልጁን ደረቱ ላይ የሚይዘው? መልሱ በዚህ ላይ ይወሰናል።

ቀድሞ አሳቢ፦
ክቡር ጠያቂ፣ ዘለበቱ ዛሬ መሰበሩን እንደ መልካም አጋጣሚ ቢያዩት እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ከልጆች ጋር ወደ ተራራ የሚወጣ ሰው ማዘያውን፣ ድንኳኑንና ጫማውን ቢያንስ ከሳምንት በፊት አውጥቶ፣ ጭኖና ተጫምቶ በቅርብ ቦታ ሊሞክራቸው ይገባዋል። የምትሄዱበትን መንገድ፣ የምታድሩበትን ቦታ ሁሉና የምትመለሱበትን ሰዓት በወረቀት ጽፋችሁ፣ ሳትመለሱ ብትቀሩ እርዳታ ለሚጠራ ዘመድ ሰጥታችኋል? ልጆቹስ ከአንገታቸው የማይለይ ፊሽካ አላቸው? ከመንገድ የተለየ ልጅ ወላጆቹን ፍለጋ በተራመደ ቁጥር ፈላጊዎቹ የሚያስሱት ቦታ ይሰፋል፤ ስለዚህ መጥፋቱን እንዳወቀ በአቅራቢያው ያለ ዛፍ ወይም ትልቅ ድንጋይ አጠገብ ተቀምጦ ሦስት ጊዜ እየነፋና እያረፈ፣ እንደገናም ሦስት ጊዜ እየነፋ እንዲጠብቅ ማስተማር ያስፈልጋል። ይህንንም በቃል ነግሮ ማለፍ አይበቃም፤ ዛሬ ማታ ሳሎን ውስጥ በጨዋታ ያለማምዷቸው።

መንገደኛው አባት፦
አመሰግናለሁ። የተሰበረው በእኔ ወገብ ላይ የሚቆለፈው ነው። የልጁ ማሰሪያዎች ሁሉ ደኅና ናቸው።

መርፌና ክር፦
እንግዲያው መፍትሔ አለው። የልጁ ማሰሪያ ቢሆን ኖሮ በምንም ዓይነት ብልሃት አይጠግኑት፤ ጉዞው ይቅር እል ነበር።

ቤት ውስጥ ያሉትን የጀርባ ቦርሳዎች ሁሉ ያውጡና የወገብ ቀበቷቸውን ስፋት በማስመሪያ ይለኩ። የብዙዎቹ ስፋት 25፣ 38 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ነው። ከእርስዎ ቀበቶ ጋር እኩል የሆነ ካገኙ የዘለበቱን ሁለቱንም ወገን አብረው ይውሰዱ፤ የሁለት አምራቾች ዘለበት ስፋቱ እኩል ቢሆን እንኳ ወንዴውና ሴቴው ብዙ ጊዜ አይገጣጠሙም፤ የገጠሙ መስለው ጭነት ሲበዛባቸው የሚከፈቱም አሉ። ቀበቶው በዘለበቱ ላይ ከተሰፋ ስፌቱን በምላጭ ጫፍ አንድ በአንድ ፈትተው፣ አዲሱን አስገብተው፣ በወፍራም የናይለን ክር አራት ማዕዘን ሰፍተው መሐሉን በመስቀለኛ ይደግሙታል። አንድ ሰዓት ያህል ቢፈጅብዎት ነው።

ምንም ካላገኙ ቀበቶውን መቋጠር ይቻላል። በአንዱ ጫፍ ላላ ያለ ተራ ቋጠሮ ይሠሩና ሌላውን ጫፍ ከተቃራኒ አቅጣጫ አስገብተው፣ ሳይጠማዘዝ የመጀመሪያውን ቋጠሮ ዱካ በዱካ እንዲከተል አድርገው ያጠብቁታል። ከቋጠሮው የሚተርፈው ጫፍ በሁለቱም በኩል ከ8 ሴንቲ ሜትር አይነስ፤ ይህ ቋጠሮ በእርምጃ ብዛት ቀስ በቀስ የመላላት ጠባይ ስላለው ባረፉ ቁጥር ይዩት። ደግሞም በፍጥነት አይፈታም፤ ስለዚህ ወንዝ በምትሻገሩበት ቦታ ልጁን ማዘያው ላይ አያስቀምጡት።

ሠርተው ሲጨርሱ ልጁን ከማዘልዎ በፊት ክብደቱን የሚያህል ውኃ በጠርሙስ ጭነው ደረጃ ለደረጃ ይመላለሱበት። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው።

ሳቂታዋ፦
ውኃ ግን «ደረስን ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፤ የአባቱን ጆሮም አይጎትትም! ልጅ እንቅልፍ ሲወስደው ግን በአንድ ጎን ይዘነበላል፤ ከውኃው ሙከራ በኋላ ልጁን ራሱን አዝለው፣ ባለቤትዎ ከኋላ ሆነው እየጠበቁ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘንበል እያለ ቢሞከር መልካም ነው።

የጥድ ጥላ፦
እኔ አሁንም ማጣበቂያው ይሠራል እላለሁ። ካጣበቁት በኋላ ስብራቱን በክር መጠምጠም ነው።

ቀይ አለት፦
ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ከዘለበቱ በፊት ጉዞው ራሱ መጠየቅ ያለበት ይመስለኛል። «ያለ ማዘያው አይታሰብም» ብለዋል። በአንድ ዘለበት ላይ የቆመ ዕቅድ እኮ ለልጆቹ የታቀደ አይደለም፤ በአዋቂ እግር ታቅዶ ልጆቹ የተጫኑበት ነው። ዕድሜያቸው ስንት ነው? በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ? ስንት ሜትር ከፍታ ላይ ታድራላችሁ?

መንገደኛው አባት፦
ልጁ ሦስት ዓመቱ ነው፤ 14 ኪሎ ይመዝናል። እህቱ ሰባት ዓመቷ ነው። መኪና የሚያደርሰን 2,600 ሜትር ድረስ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን 14 ኪሎ ሜትር ሄደን 3,300 ሜትር ላይ እናድራለን። የምንኖረው ከባሕር ጠለል ብዙ ከፍ በማይል ቦታ ነው። ይህን ከዘለበቱ ጋር የሚያገናኘው ነገር ስላልመሰለኝ አልጻፍሁትም።

የሦስት ልጆች እናት፦
ወንድሜ፣ ዘለበቱ እንደሚስተካከል አልጠራጠርም፤ እኔን ያሳሰበኝ የመጀመሪያው ሌሊት ነው። ከዝቅተኛ ቦታ ተነሥቶ በአንድ ቀን 3,300 ሜትር ላይ ማደር ለአዋቂም ፈጣን ነው። የተለመደው ምክር በመጀመሪያው ቀን ከ2,750 ሜትር በላይ ወጥቶ አለማደር፣ ከ3,000 ሜትር በኋላም የሚያድሩበትን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ነው። የሰባት ዓመቷ ልጅ ራሷን ሲያማት ትነግራችኋለች። የሦስት ዓመቱ ልጅ ግን ራስ ምታትን ለይቶ መናገር አይችልም፤ ይነጫነጫል፣ ምግብ እንቢ ይላል፣ ጨዋታ ይተዋል፣ ያስመልሰዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። ወላጅ ይህን ሁሉ በመንገድ ድካም ያመካኘዋል፤ እኔም አንድ ጊዜ ልጄ እራቱን አልቀምስ ሲል ደክሞት ነው ብዬ አስተኝቼው ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሰው አድሯል፤ የተሻለውም ሲነጋ ወደ ታች ከወረድን በኋላ ነው። ከፍታ ላይ ያለ ትንሽ ልጅ ጠባዩ ከተለወጠና ሌላ ግልጽ ምክንያት ከሌለው የከፍታ ሕመም ነው ብላችሁ ያዙ፤ ወደ ላይ መውጣት አቁሙ፤ ካልተሻለው ወይም ከባሰበት ሳትዘገዩ ውረዱ። መተንፈስ ካስቸገረው፣ ከደነዘዘ ወይም አረማመዱ ከተንገዳገደ ግን ሌሊት ነው ብላችሁ አትጠብቁ።

ስለ ርቀቱም ልጨምር። ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ናይስሚዝ በ1892 ባወጣው ስሌት ጠንካራ አዋቂ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ደግሞ አንድ ሰዓት ይጨመራል። የእናንተ መንገድ በዚህ ስሌት አራት ሰዓት ገደማ ነው። እኔ ከልጆቼ ጋር ስሄድ እጥፍ እቆጥራለሁ፤ ድንጋይ የሚለቀምበትና ጉንዳን የሚታይበት ጊዜ አለና። ስምንት ሰዓት ማለት ነው።

ብርዱንም አስቡበት። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሽየስ ይቀንሳል። እርስዎ ልጁን አዝለው አቀበቱን ሲወጡ ያልብዎታል፤ እሱ ግን ሳይንቀሳቀስ ነፋስ ላይ ተቀምጧል። ሱሪው ወደ ላይ ተሰብስቦ በካልሲውና በሱሪው መካከል ያለው ቁርጭምጭሚቱ ይገለጣል፤ እጅዎን ወደ ኋላ ሰደው ሲነኩት በረዶ ሆኖ ያገኙታል። በሰዓት አንድ ጊዜ አውርደው በእግሩ ያንሸራሽሩት።

እኔ ብሆን ሦስቱንም ሌሊት መኪናው በሚያደርሳችሁ በ2,600 ሜትር ላይ አድሬ ቀን ቀን ከፍ እያልሁ እመለስ ነበር። በዚህ ዓይነት ማዘያው ቢበላሽ እንኳ ድንኳናችሁ ሩቅ አይደለም።

ቀይ አለት፦
ይህን ነበር ማለት የፈለግሁት፤ በተሻለ ቋንቋ ስለገለጹት አመሰግናለሁ።

መንገደኛው አባት፦
ከባለቤቴ አሮጌ ቦርሳ ላይ 38 ሚሊ ሜትር ዘለበት ተገኝቷል፤ ከእኛው ቀበቶ ጋር እኩል ነው። ሰፍቼው 14 ጠርሙስ ውኃ ጭኜ አሥር ጊዜ ደረጃ ወጥቼ ወርጃለሁ፤ ስፌቱ አልተነቃነቀም። ስለ ከፍታው ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን ሁለቱን ሌሊት 2,600 ሜትር ላይ ለማደር ወስነናል፤ ሦስተኛውን ልጆቹን አይተን እንወስናለን። ልጅቷ ፊሽካውን እየነፋች ሠፈሩን ስለቀሰቀሰች አሁን ልናስተኛት ነው። ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ።

መርፌና ክር፦
ልጁ 14፣ ማዘያው ራሱ ወደ 3 ኪሎ፣ ዕቃው ሲጨመር ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። አምራቹ የፈቀደው ከፍተኛ ክብደት አብዛኛውን ጊዜ በጀርባ በኩል በተሰፋው መለያ ላይ ይገኛል፤ ሳይነሡ ይዩት። መርፌውንና የተረፈውን ክርም ይዘው ይሂዱ።

የሦስት ልጆች እናት፦
ሳምንት ሆነ። ልጆቹ እንዴት ሆኑ? ትንሹ የመጀመሪያውን ሌሊት በደኅና ተኝቶ አደረ?