በፊደልም በቁቤም የምትጽፍ የ3ኛ ክፍል ልጅ የፊደል ግድፈት

የሄርማታ እናት (ጠያቂ)

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣

የምንኖረው ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ነው። እኔ ልጄን በአማርኛ ሳናግራት፣ አባቷና አብረውን የሚኖሩት አያቷ በአፋን ኦሮሞ ያናግሯታል፤ በዚህም ምክንያት ሁለቱንም ቋንቋዎች አቀላጥፋ ትናገራለች። ዘንድሮ 3ኛ ክፍል ናት። የምትማረው በአማርኛ ሲሆን፣ አፋን ኦሮሞንና እንግሊዝኛን ለየብቻቸው እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ትወስዳለች። ንባቧ መጥፎ የሚባል አይደለም፤ የቃል ጽሕፈት በተሰጣት ቁጥር ግን ደብተሯ በቀይ እስክርቢቶ ተሞልቶ ይመለሳል። ባለፈው ሳምንት ከ10 ቃላት ያገኘችው 3 ብቻ ነበር። «ልጅ»ን «ሊጅ»፣ «አበባ»ን «አበበ»፣ «በላ»ን ደግሞ «በልላ» ብላ ጽፋለች። በአፋን ኦሮሞ ደብተሯ ላይ የሚደገመውን አናባቢ ትገድፋለች። እንግሊዝኛውማ፣ ሲ፣ ኤ፣ ቲ ተብሎ የተጻፈውን የድመት ስም «ጨት» ብላ ስታነብ አያቷ ጫት የጠራች መስሏቸው ሲስቁ አመሹ።

የክፍል መምህሯ «ቤት ውስጥ አንድ ቋንቋ ብቻ ተናገሩ፤ ልጅቷ ተደናግራለች» ብለውኛል። ምክሩን ልቀበል ወይስ ሌላ መንገድ አለ?

ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር

እህቴ፣ ከመወሰንዎ በፊት ደብተሩን እንደገና ይመልከቱት። የጠቀሷቸው ስሕተቶች የግዴለሽ ልጅ ስሕተቶች አይደሉም። «በላ» ሲባል «ላ» ትጠብቃለች፤ ቁቤ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ የሚጠብቀውን ተነባቢ ሁለት ጊዜ ስለሚጽፈው፣ ልጅዎ የሰማችውን በቁቤ ሕግ በፊደል አስፍራዋለች። የእኛ ፊደል ግን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም፤ የልደት በዓል «ገና»ና «ገና ነው» የምንለው «ገና» በጽሕፈት አንድ የሆኑት ለዚህ ነው። ስለዚህ «ጆሮሽ በትክክል ሰምቷል፤ በፊደል ሲሆን ግን አንዱ ይበቃል» ቢሏት ትረዳዎታለች።

«ሊጅ»ና «አበበ» የመጡት ከሌላ በር ነው። አፋን ኦሮሞ አምስት አናባቢዎች አሉት፤ እያንዳንዳቸውም አጭርና ረጅም ይሆናሉ። አማርኛ ግን ሰባት ስላሉት፣ የሳድሱ ድምፅ በዚያኛው ቋንቋ ቦታ የለውም፤ ልጅቷም ወደሚቀርበው ወደ ሣልስ ትወስደዋለች። ግዕዝና ራብዕም በጆሮዋ እንደ አጭርና ረጅም ሊመስሏት ይችላሉ። እኔ ሳስተምር ሰባቱን ቤቶች በቃል ከማስወረድ ይልቅ ትርጉም የሚለዩ ጥንዶችን እጠቀም ነበር፦ «ለም» እና «ላም»፣ «ሰም» እና «ሳም»፣ «ድር» እና «ዱር»፣ «ክብ» እና «ኩብ»። ልጁ የእጁን ጀርባ ከአገጩ ሥር አድርጎ «ለም»፣ ከዚያ «ላም» ይበል፤ በሁለተኛው ላይ አገጩ እጁን ወደ ታች ሲገፋው ይሰማዋል። ከዚያ በኋላ ይጻፍ። በቀን ሦስት ጥንድ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ቅጣት ይሆናል።

እግረ መንገዴን፣ የሀሌታው «ሀ»ን ከሐመሩ «ሐ»፣ የእሳቱን «ሰ» ከንጉሡ «ሠ» መለየት ባትችል በ3ኛ ክፍል አይቅጧት። ድምፃቸው አንድ ስለሆነ በጆሮ አይለዩም፤ በንባብ ብዛት የሚለመዱ ናቸው፤ ይህን ደግሞ ብዙዎቻችን ትልልቆቹም አላጠናቀቅነውም።

የጅረን አባት

እኔ ያንን «አንድ ቋንቋ ብቻ» የሚለውን ምክር ተቀብዬ ነበር። ለአንድ ዓመት ያህል ቤታችን ውስጥ አፋን ኦሮሞ እንዳይነገር አደረግሁ። የልጄ የፊደል ግድፈት እንደነበረ ቀረ፤ የተለወጠው ነገር ቢኖር ከገጠር የሚመጡት አያቱ ሲያጫውቱት ዝም ማለት መጀመሩ ነው። አሁን ወደ ቀድሞው ተመልሰናል፤ ግን ለእያንዳንዱ ቋንቋ የተለየ ቀለም ያለው ደብተር ገዝቼለታለሁ፤ በእንግሊዝኛው ደብተር ሽፋን ላይ ደግሞ «እዚህ ቤት ሲ ጨ አይደለችም፣ ኤክስም ጠ አይደለችም» ብዬ ጽፌበታለሁ። ቁቤ ያንኑ የላቲን ፊደል በሌላ ድምፅ ስለሚያነበው፣ ልጆቹን ይበልጥ የሚያምታታቸው ከአማርኛው ይልቅ የእንግሊዝኛው ይመስለኛል።

የልዩ ፍላጎት መምህርት

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ልጨምር። ስሕተቷ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው የተሻገረ መሆኑ ከታየ ልምምድና ጊዜ ይፈታዋል። ነገር ግን ችግሩ በሁለቱም ጽሕፈት እኩል ከታየ፣ ማለትም ትናንት በትክክል የጻፈችውን ቃል ዛሬ በሦስት ዓይነት መንገድ የምትጽፈው ከሆነ፣ ከሰሌዳ ስትገለብጥም ፊደል የምትዘል ከሆነ፣ ወይም በንግግርም ቢሆን የቃልን መነሻ ድምፅ ለይታ መናገር ካቃታት፣ ጉዳዩ የሁለት ቋንቋ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዚያን ጊዜ አስቀድመው ዓይኗንና ጆሮዋን ያስመርምሩ፤ እነዚህ ደኅና ከሆኑ የንባብና የጽሕፈት መማር ችግር መኖር አለመኖሩን በባለሙያ ማስጠናት ይገባል። ደብተሩን ሳያዩ «ተደናግራለች» ማለት ግን ለልጅቷም ለእርስዎም አይጠቅምም።

የሄርማታ እናት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ የሦስት ሳምንት የቃል ጽሕፈቷን ዘርግቼ 21 ስሕተቶችን ለየሁ። 9ኙ የግዕዝና የራብዕ፣ 7ቱ የሚጠብቀውን ፊደል የመድገም፣ 4ቱ የሳድስ ናቸው፤ ከሰሌዳ ስትገለብጥ ግን ምንም አልሳተችም። «ለም»ና «ላም»ን እጇን አገጯ ሥር አድርጋ ስትሞክር ሳቀችና ራሷ «ማር»ና «መር» ብላ ጨመረች። «መር» ማለት ምን እንደሆነ ስጠይቃት መልስ አጣች፤ ጥንዱን ግን አልጣልነውም።

21ኛው ስሕተት «ውሻ ጥቁር አየሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነው። መምህሯ በሁለት መስመር አስምረውበታል። ለአያቷ በአፋን ኦሮሞ «ሰሬ ጉራቻ» (ቃል በቃል «ውሻ ጥቁር») ብዬ ባነብላቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው «ታዲያ ስሕተቱ የቱ ላይ ነው?» አሉኝ።